«ግራና» በአማርኛ ምን ይባል? ብርሃን ሲያገኘውስ «ይፈርሳል»?

ቅጠልያ፦ ስለ ብርሃን አስተፃምሮ አንድ ጽሑፍ እየተረጎምኩ ነው። በክሎሮፕላስት (በቅጠል ሴል ውስጥ ብርሃን አስተፃምሮ በሚካሄድበት አረንጓዴ አካል) ውስጥ ያለውን «ግራና» አንዱ «ቅንጣቶች»፣ ሌላው «ቁልሎች» ይለዋል። «በኃይለኛ ብርሃን ቁልሉ ይፈርሳል» የሚልም አይቻለሁ። የቱ ልክ ነው?

ሥርወ ቃል፦ በላቲን «ግራኑም» የእህል ቅንጣት ነው። ስሙ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ነጠብጣብ ብቻ ይታይ በነበረበት ጊዜ ነው። ኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በሞሰብ እንዳለ እንጀራ የተደራረቡ ጠፍጣፋ ከረጢቶች ሆነው ተገኙ፤ ስፋታቸው ከ300 እስከ 600 ናኖሜትር ነው። ስለዚህ «ቁልል» ይሻላል። ከረጢቱ ታይላኮይድ ይባላል፤ የግሪኩም ቃል ትርጉሙ ያው ከረጢት ነው። «ሉመን» ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ በላቲን ብርሃን ማለት ቢሆንም እዚህ የከረጢቱ ውስጠኛ ክፍተት ነው።

ቤተ ሙከራ፦ «ይፈርሳል» አይሆንም፤ «ይላላል» ይበሉ። በቁልሉ ውስጥ በሁለት ከረጢቶች መካከል ያለው ክፍተት ከ3 እስከ 4 ናኖሜትር ብቻ ነው። ብርሃን ከሚቀበሉት ሁለት የፕሮቲን ስብስቦች አንዱ፣ ፎቶሲስተም 2፣ እዚያ ይገባል። ሌላው፣ ፎቶሲስተም 1፣ እና ኤቲፒን (የሴሉን የኃይል ሞለኪውል) የሚሠራው ኢንዛይም ወደ ውጭ ያበጠ አካል ስላላቸው በቁልሉ ጠርዝና ቁልሎቹን በሚያገናኘው ገለፈት (ስስ ሽፋን) ላይ ይቀራሉ። ብርሃን ሲበረታ ዲ1 የተባለው የፎቶሲስተም 2 ፕሮቲን ይጎዳል፤ ፎቶሲስተም 2 ለመጠገን ወደ ማገናኛው ገለፈት መውጣት አለበት። ቁልሉ ጥብቅ ብሎ ከቀረ መውጫ ያጣል፣ ጥገናው ይጓተታል። ጠርዙ ሲላላ ግን መንገድ ይከፈታል፤ ብርሃኑ ሲቀንስ መልሶ ይገጥማል። የፈረሰ ነገር እንዲህ አይመለስም። ሉመኑ ደግሞ ይሰፋል፤ በአራቢዶፕሲስ (ለምርምር በሚያገለግል ትንሽ ተክል) ቅጠል በጨለማ ወደ 5፣ በብርሃን ወደ 9 ናኖሜትር ሆኖ ተለክቷል።

ሥርወ ቃል፦ ጨርሶ ለተለያየውስ?

ቤተ ሙከራ፦ «ተላቀቀ»። ይህ በብዛት የሚመጣው ከማግኒዥየም እጦት ነው። የገለፈቶቹ ፊት ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው ይገፋፋሉ፤ ግፊያውን የሚያበርደው ማግኒዥየም ነው። ከስፒናች ታይላኮይድ ሲወጣ በፈሳሹ ውስጥ 5 ሚሊሞላር ያህል ማግኒዥየም ክሎራይድ ካልገባ ቁልሉ ይላቀቃል፤ ያላስተዋለ ሰው ጥፋቱን በብርሃን ያላክካል። ቅጠሉም ለማይክሮስኮፕ ሲዘጋጅ መብራቱ እንደበራ በግሉታራልዴሃይድ (ቅርጹን ባለበት በሚያቆይ ኬሚካል) ይጽና፤ ጨለማ ውስጥ ከቆየ በደቂቃዎች ቅርጹ ይለወጣል።

ቅጠልያ፦ በጥላ ያደገ ቅጠል ቁልሉ ረጅም ነው ይባላል። ፀሐይ ላይ ያደገውን «የላላ» ልበለው?

ቤተ ሙከራ፦ አይበሉ። እሱ ቅጠሉ ሲያድግ የተሠራበት ልክ ነው፤ «ድርቡ ያነሰ» ይበሉት። «ላላ»ን በደቂቃዎች ውስጥ ለሚሆነው ያቆዩት።