ያለ ኔትወርክ የሚሠራ የመድኃኒት መጠን አፕ የምታውቁ?

ሰላም፣ እባካችሁ ተባበሩኝ። አምቡላንስ ላይ ነው የምሠራው፣ ፒያሳና አራት ኪሎ አካባቢ። ትናንት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንዲት ሕፃን ሲያንቀጠቅጣት ደረስን፣ እናትየው እጄን ይዛ ታለቅሳለች፣ እኔ የዳያዜፓሙን (የሚያንቀጠቅጠውን ማቆሚያ መድኃኒት) መጠን ላረጋግጥ ስልኬን ስከፍት አፑ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። ኔትወርክ የለም! ደግነቱ ባልደረባዬ የኪስ ደብተሩ ላይ ጽፎት ነበር። የአድሬናሊኑን አውቀዋለሁ፣ የልጅ ልብ ሲቆም በኪሎ 0.01 ሚሊግራም ነው፣ ግን ሁሉን በቃል መያዝ ይከብዳል። ሜድስኬፕ የሚባለው የመድኃኒት መረጃ አፕ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ዳታውን ቀድሞ ማውረድ ያስፈልጋል፣ የኔ ስልክ ደግሞ ሞልቷል (ግማሹ የልጄ ፎቶ ነው)። ቀለል ያለ፣ የልጆችን መጠን በኪሎ የሚያሰላ፣ ራሳችሁ የምትጠቀሙበት አለ? ፎቶዎቹን ሳላጠፋ ንገሩኝ።