የጆርጂያ ሰዎች የማይጠግቧቸው ጨዋታዎችና አሰልጣኝ ቪንስ ዱሊ

ክቡራን ወገኖች፣

ልጃቸው ዘንድሮ አቴንስ በሚገኘው የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት የጀመረላቸው እህታችን፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው ከአርባ ዓመት በፊት የተደረገን የአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትና የሚወረወርበት) ጨዋታ እንደ ትናንት ወሬ ሲያወጉ ምን ብለው ወጉን እንደሚቀላቀሉ ጠይቀውን ነበር። ጥያቄያቸው ቀላል አይደለም። እዚህ ጆርጂያ ውስጥ ቡልዶግስ የተባለው የዩኒቨርሲቲው ቡድን የሚጫወትበትን ቅዳሜ ያልተረዳ ሰው ጎረቤቱን ግማሽ በግማሽ ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ እኔ የማውቀውን ያህል ዘርዘር አድርጌ ልጻፍ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከሁሉ አስቀድመው የሚሰሙት እህታችን፣ ኅዳር 8 ቀን 1980 በፍሎሪዳዋ ጃክሰንቪል ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ነው። ጆርጂያ 21 ለ20 እየተመራ ነው፤ ለማለቂያው አንድ ደቂቃ ገደማ ቀርቷል፤ ኳሱ ደግሞ ከራሱ የጎል መስመር ሰባት ያርድ (አንድ ያርድ ከአንድ ሜትር ጥቂት ያንሳል) ብቻ ርቆ ተቀምጧል። በዚህ ጨዋታ አንድ ቡድን አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል፤ ጆርጂያ ሁለቱን ጨርሶ ሦስተኛው ላይ ደርሷል፣ አሥራ አንድ ያርድም ይቀረዋል። ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች፣ ኳርተርባኩ ባክ ቤሉ፣ ከሚያሳድዱት ተከላካዮች እየሸሸ ወደ ቀኝ ሮጠና ወደ መሐል ለገባው ለተቀባዩ ለሊንዚ ስኮት ወረወረለት። የታሰበው ሙከራውን ለማደስ የሚበቃ ያህል መግፋት ብቻ ነበር፤ ስኮት ግን ዘሎ ያዘና፣ መሬት እንደ ረገጠ ዞሮ፣ የግራውን መስመር ይዞ እስከ ፍሎሪዳ የጎል ክልል ድረስ ሳይደርሱበት ገባ። ዘጠና ሦስት ያርድ ነው፤ እንዲህ ኳሱን ይዞ መግባት ስድስት ነጥብ ያስገኛል። ጨዋታው 26 ለ21 አለቀ።

ሰዎቹ ግን ከሩጫው እኩል የሚያስታውሱት የሬዲዮ አስተላላፊውን የላሪ መንሰንን ድምፅ ነው። መንሰን ለቡድኑ ወገንተኛ መሆኑን የማይደብቅ፣ ጆርጂያ ሲመራ እንኳ ክፉ ክፉው የሚታየው ሰው ነበር። ያን ዕለት ስኮት ሲሮጥ «ሩጥ ሊንዚ» እያለ ጮኸ፤ ወዲያውም የተቀመጠበት የብረት ወንበር እንደ ተሰበረበት ለአድማጮቹ በዚያው ትንፋሹ ተናገረ። ደምሴ ዳምጤን በሬዲዮ እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ቅጂ ሲያዳምጥ፣ የጨዋታውን ሕግ ሁሉ ባያውቅ እንኳ፣ ሰዎቹ ለምን ዓይናቸው እንባ እንደሚያቀርር ይገባዋል። በዚያው ቀን አትላንታ ውስጥ የጆርጂያ ባላንጣ የሆነው ጆርጂያ ቴክ፣ የደረጃ ሰንጠረዡን ይመራ ከነበረው ከኖትር ዳም ጋር 3 ለ3 ተለያየ። በዚህም ጆርጂያ ወደ አንደኝነቱ ወጣ፤ በውድድር ዘመኑ መጨረሻም ያንኑ ኖትር ዳምን ኒው ኦርሊንስ ላይ 17 ለ10 ረትቶ፣ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የጆርጂያ ኳስ ይዞ ሯጭ ኸርሸል ዎከር በዚያ ጨዋታ ገና ከጅምሩ ትከሻው ወልቆበት ሳለ 150 ያርድ ሮጧል። ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነበር።

የዚህ ቡድን አሰልጣኝ ቪንስ ዱሊ ነበሩ። በሠላሳ አንድ ዓመታቸው ሲቀጠሩ ብዙ ሰው ጥርጣሬ ነበረው፤ ልጅ ናቸው፣ በዚያ ላይ የባላንጣው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ሰው ናቸው ተብሎ። ከ1964 እስከ 1988 አሠለጠኑ፣ 201 ጊዜም አሸነፉ። አጨዋወታቸው ጥንቃቄ የበዛበት ነበር፤ ኳሱን በሩጫ መግፋት፣ መከላከሉን ማጥበቅ፣ የተጋጣሚን ስሕተት መጠበቅ። ይህን አንዳንዶች አሰልቺ ይሉታል። እኔ አልስማማም። ዱሊ ጥንቃቄያቸውን ሰው ሁሉ ካመነ በኋላ ያልተጠበቀውን ነገር የሚያወጡበትን ሰዓት ያውቁ ነበር።

ለዚህ ሁለት ምስክር አለኝ። በ1965 የዓመቱ መጀመሪያ ጨዋታ ላይ፣ በቤር ብራያንት የሚመራው የወቅቱ ሻምፒዮን አላባማ አቴንስ ድረስ መጥቶ 17 ለ10 ይመራ ነበር። ከርቢ ሙር ለፓት ሆጅሰን ወረወረ፤ ሆጅሰን እንደ ያዘ ለቦብ ቴይለር አሳለፈለት፤ ቴይለርም ሮጦ አገባ፣ ጨዋታው በጠቅላላው 73 ያርድ የሄደ ነው። ከስድስቱ ነጥብ ቀጥሎ በሚሰጠው ተጨማሪ ሙከራ ጆርጂያ ኳሱን በእግር መትቶ አንድ ነጥብ ወስዶ እኩል መውጣት ሲችል፣ ከበድ ያለውን የሁለት ነጥብ ሙከራ መረጠና 18 ለ17 አሸነፈ። የአላባማ ደጋፊዎች ሆጅሰን ኳሱን እንደ ያዘ ጉልበቱ መሬት ነክቶ ስለ ነበር በሕጉ ጨዋታው እዚያው መቆም ነበረበት እያሉ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ሁለተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥቁር ተማሪዎች የተቀበለው በ1961 በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ አምስት ጥቁር ተጫዋቾች ግን ወደ ፉትቦል ቡድኑ የገቡት በ1971፣ አሥር ዓመት ዘግይቶ ነው። ከአምስቱ አንዱ ሪቻርድ አፕልቢ ነበር። በ1975፣ እንደ ተለመደው ጃክሰንቪል ላይ፣ ፍሎሪዳ 7 ለ3 ሲመራ አፕልቢ ኳሱን ተቀብሎ ጠርዙን ይዞ ለመሮጥ ያሰበ መሰለ፤ ተከላካዮቹ ሊይዙት ወደ ፊት ተንደረደሩ፤ እርሱ ግን ቆመና በርቀት ብቻውን ለቀረው ለጂን ዋሽንግተን ወረወረለት። ሰማንያ ያርድ፣ 10 ለ7። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያንን ማልያ መልበስ የማይፈቀድላቸው ሁለት ወጣቶች ባላንጣውን የረቱበት ጨዋታ ነውና፣ ለልጆቻችን የትኛውን እንንገር ቢባል እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ዱሊ የመጀመሪያዎቹን ጥቁር ተጫዋቾች ለማስገባት መዘግየታቸው መነሳት አለበት፤ የጆርጂያ ሰዎች ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ዱሊ የታሪክ ሁለተኛ ዲግሪ የነበራቸው፣ አትክልትም በፍቅር የሚንከባከቡ ሰው ነበሩ። ጥቅምት 28 ቀን 2022 በዘጠና ዓመታቸው አረፉ። በማግስቱ ጆርጂያ ከፍሎሪዳ ጋር ጃክሰንቪል ላይ ተጋጥሞ 42 ለ20 አሸነፈ። የአቴንስ ስታዲየም ሜዳ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እህታችን፣ ቅዳሜ ባልደረቦችዎ ወግ ሲጀምሩ ስለ 1980ው ጨዋታ የት ሆነው እንደ ሰሙት ይጠይቋቸው፤ ከዚያ አፕልቢን ያንሱላቸው፣ በደስታ ያወሩልዎታል። ልጅዎ ሊጎበኝዎት ሲመጣ ደግሞ መሐል አትላንታ ያለውን የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ አብራችሁ እዩት። በ1980ዎቹ አቴንስ ትማሩ የነበራችሁ ወገኖች ካላችሁ፣ በእነዚያ ቅዳሜዎች ስታዲየሙ ውስጥ ያያችሁትን እዚሁ ብትጽፉልን ብዙዎቻችን እናነበዋለን።