የቶይስ አር አስ ቀጭኔ ታሪክ

የቧንቧ ውሃው ነጋዴ፦
እንደምን ሰነበታችሁ? ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የልጆች መጫወቻ መደብር ልከፍት ነው። ሰዓሊው ለማስታወቂያ ሰሌዳው ምን እንደሚሥልልኝ ሲጠይቀኝ፣ አሜሪካ ያለችው እህቴ ዕቃ በላከችበት የቶይስ አር አስ (የአሜሪካ የመጫወቻ መደብር ነው) ፌስታል ላይ ያየሁት ቀጭኔ ትዝ አለኝ። ይህ ቀጭኔ የመጫወቻ መደብር ምልክት የሆነው እንዴት ነው? እኔስ ባሥለው ያስከስሰኛል?

ጦሳ፦
ወንድሜ፣ ስሙ ጄፍሪ ይባላል። የቶይስ አር አስ መሥራች ቻርልስ ላዛረስ እ.ኤ.አ. በ1948 በዋሽንግተን ዲሲ የከፈተው መደብር የሕፃናት አልጋና የመሳሰለውን ይሸጥ ነበር። ሆኖም አልጋ አንድ ጊዜ ከተገዛ ለታናሽ ይተላለፋል፤ መጫወቻ ግን ስለሚሰበር ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል። ላዛረስ ይህን ሲረዳ በ1957 መጫወቻ ብቻ ወደ መሸጥ ዞረ። ቀጭኔው በ1950ዎቹ ሲወጣ መጠሪያው «ዶክተር ጂ. ራፍ» ነበር፤ ፈረንጆቹ ቀጭኔን «ጂራፍ» ስለሚሉት ቃሉን ለሁለት ከፍለው የሰው ስም አስመሰሉት፣ የዶክተርነት ማዕረግም ጨመሩለት። (በአማርኛ «ዶክተር ቀ. ጭኔ» ብንል ማን ይስቃል?) ጄፍሪ የተባለው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ በቴሌቪዥን ማስታወቂያ የታየው በ1973 ነው።

የኮምቦልቻዋ መምህርት፦
በጦሳ መልስ ላይ ጥቂት ልጨምር። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያው የካርቱኑን ቀጭኔ ትቶ እውነተኛ እንስሳ የሚመስል ጄፍሪ አመጣ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ወደ ሥዕሉ ተመለሰ። በእኔ እይታ ትክክል አድርጓል፤ ልጅ በእርሳስ ሊሥለው የማይችለውን ምልክት የራሱ አያደርገውም። ኩባንያውን የጣለው ግን ሥዕሉ አይደለም። በ2005 የገዙት ባለሀብቶች ግዢውን በአብዛኛው በብድር በመፈጸማቸው ዕዳው በኩባንያው ላይ ተጫነ፤ በ2017 ዕዳውን መክፈል አቅቶት ለፍርድ ቤት የኪሳራ ማመልከቻ አቀረበ፣ በ2018ም የአሜሪካ መደብሮቹ ተዘጉ። ላዛረስ ያረፈው የመዘጋቱ ዜና በተነገረ በሳምንቱ ነበር። ስሙና ቀጭኔው ግን ዛሬም ባለቤት ስላላቸው፣ የራስዎን ምልክት አሥለው በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ቢያስመዘግቡ ይሻላል። ለወሎ ሰው ጭላዳ መች አነሰን?

የቧንቧ ውሃው ነጋዴ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ጭላዳውን ለሰዓሊው ነግሬው ተስማምቷል፤ ለጎፈሩ ግን ጭማሪ ጠይቆኛል።