«ቱርቦውን ነቅላችሁ ጣሉት» የሚል ምክር ትክክል ነው?

ባለ አባዱላው፦ ዛሬ ባሕር ዳር መናኸሪያ አንድ መካኒክ ሾፌሮችን ሰብስቦ «ቱርቦ ነዳጅ ይበላል፤ ነቅላችሁ ጣሉት» ሲል ሰምቼ ደሜ ፈላ። ቱርቦ እኮ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ነው፤ የሚያሽከረክረውም ተቃጥሎ የሚወጣው ጭስ ነው። ነፃ ጉልበት ነው!

የድሮ መካኒክ፦ ነፃ ጉልበት የሚባል ነገር የለም፣ ልጄ። ጭሱ የሚያዞረው የቱርቦው ተርባይን ጭሱን ያግደዋል፤ ሞተሩም ጭሱን ለመግፋት ይደክማል። ብዙ አየር ሲገባ ደግሞ ብዙ ናፍጣ ይከተላል።

ባለ አባዱላው፦ ጋሼ፣ ከነዳጁ ጉልበት ሲሶ ያህሉ ከጭሱ ጋር በሙቀት መልክ ይባክናል። ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ቡሂ በ1905 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበው ይህንኑ ሊጠቀምበት ነው። ሊጣል ከነበረው መውሰድ ነፃ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

የድሮ መካኒክ፦ ብድር ይባላል። ቱርቦው የተቃጠለ ዕለት ከነወለዱ ትከፍለዋለህ።

ፖሊ የተማርኩ፦ «ነፃ» የምትለዋን ቃል ተዉአት። የሚቆጥበው ቱርቦው ሳይሆን ትንሹ ሞተር ነው። ባለ 2.5 ሊትሩ ቱርቦ ናፍጣ ቱርቦ የሌለውን የ3 ሊትር ሥራ ከሠራ፣ በሰበቃ የሚጠፋው ጉልበት ይቀንሳል። በነበረው ሞተር ላይ ቱርቦ አስገጥሞ ቁጠባ የሚጠብቅ ግን ይከስራል። የቤንዚኑም ቁጠባ በእግር ይወሰናል፤ ፔዳሉን አጥብቆ ለሚረግጥ ሞተሩ እንዳያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ) ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፣ ቁጠባውም እዚያው ያልቃል።

የዓባይ በረሃ ተመላላሽ፦ ከፍታውን ለምን ትረሳላችሁ? ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው የጭነት መኪና ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ሲወጣ የሚተፋውን ጥቁር ጭስ ሁላችንም እናውቀዋለን። በደንብ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ የባለቤቱ ገንዘብ ነው!

የድሮ መካኒክ፦ ጭሱ ናፍጣውን ለሞተሩ የሚመጥነው የፖምፓ ጥፋት ነው። ፖምፓውን ለከፍታው ማስተካከል ትቶ ቱርቦን ማመስገን አያዋጣም።

የዓባይ በረሃ ተመላላሽ፦ ፖምፓውን ሲቀንሱት ጭሱ ይጠፋል፤ ጉልበቱም አብሮት ይጠፋል። ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰቱ መውጣት ነው ቁጠባው?

የድሮ መካኒክ፦ ቀስ ብሎ የወጣ ይደርሳል። በጋራዥ የማየው ግን ዘይቱ በጊዜው ባለመቀየሩ የተበላ ቱርቦ ነው።

ባለ አባዱላው፦ ያ የአያያዝ ጉዳይ ነው! የወረታን ዳገት ወጥቶ ደብረ ታቦር እንደደረሰ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ሰው፣ የጋለው ቱርቦ ዘይት ስለሚቋረጥበት፣ ቱርቦውን ራሱ ያቃጥለዋል። እኔ ቆሜ ሞተሩን አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ አሠራዋለሁ።

የድሮ መካኒክ፦ በዚያ ሁለት ደቂቃ የሚቃጠለውን ናፍጣ ማን ሰጠህ? እሱም ነፃ ነው?