ኤልኤልኤም (የህግ ማስተርስ) ልጨርስ ነው፣ ልምምዱን የት ልስራ? እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ አሜሪካ በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ኤልኤልኤም እየተማርኩ ነው፣ ሜይ ላይ እጨርሳለሁ። ሲፒቲ (ሳይመረቁ ከትምህርቱ ጋር የተያያዘ ስራ ለመስራት የሚሰጥ ፈቃድ) አስቤ ነበር ግን መጀመሪያ አንድ ሙሉ የትምህርት አመት መማር አለብህ ተባልኩ፣ የኛ ፕሮግራም ደግሞ 9 ወር ነው፣ ስለዚህ ያለኝ የ12 ወሩ ኦፒቲ (ከተመረቁ በኋላ በተማሩበት ሙያ ለመስራት የሚሰጥ ፈቃድ) ብቻ ነው። አሁን የሚጀምርበትን ቀን ምረጥ ብለውኝ ሶስት ቀን ሙሉ ካላንደሩ ላይ አፍጥጫለሁ፣ ምክንያቱም አንዴ ከጀመረ ያለስራ መቆየት የሚቻለው በድምሩ 90 ቀን ነው፣ የኒውዮርክ ባር (የጥብቅና ፈቃድ) ፈተና ደግሞ ጁላይ መጨረሻ ላይ ነው፣ እያጠናሁ ስራ ከየት አመጣለሁ?

በሳምንት 20 ሰዓት በነፃ መስራትም እንደ ስራ ይቆጠራል፣ ባሩ የሚጠይቀውን 50 ሰዓት ፕሮቦኖም (ነፃ የህግ አገልግሎት) አብሬ ብጨርስ ትልቅ ነገር ነው። ዲሲ ወይ ኒውዮርክ አካባቢ የጥገኝነት ኬዝ ላይ አማርኛ የሚችል ሰው የሚፈልግ፣ ጠበቃ ሱፐርቫይዝ የሚያደርግበት ቦታ የምታውቁ በናታችሁ ጠቁሙኝ። በዚህ ያለፋችሁ ደግሞ ቀኑን መቼ አደረጋችሁት?