ጥቆማ ፈልጌ ነበር፦ ክዊክ-ኢ-ማርት፣ የሚያወራው የድሮው ይሻላል ወይስ ሌጎው?

ዶናት ወዳጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። ክዊክ-ኢ-ማርትን፣ ማለትም የሲምፕሶንስ ካርቱኑን ሱቅ መጫወቻ፣ ለመደርደሪያ እፈልጋለሁ። ያየሁት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፕሌይሜትስ የሚባለው ድርጅት ያወጣው፣ የባለሱቁ የአፑ ምስል አብሮት የሚመጣውና የሚያወራው፣ ሌላው በጡብ የሚገጣጠመው ሌጎ፣ ቁጥሩ 71016። መደርደሪያዬ 60 ሳንቲ ነው፣ በጀቴ 150 ዶላር። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የቱ ይሻላል? ከማንስ ልግዛ?

ካቻቢቴ፦ የፕሌይሜትሱ «ወርልድ ኦፍ ስፕሪንግፊልድ» ይባላል፤ በፈረንጅ ከ2000 እስከ 2004 የወጣ ነው (በእኛ አቆጣጠር አስበው የተሟገቱኝ ስላሉ ነው)። ድምፁ ያለው ሱቁ ውስጥ እንጂ ምስሉ (ትንሹ አሻንጉሊት) ውስጥ አይደለም። የምስሉ እግር ላይ ያለው ማገናኛ «የቆመው እገሌ ነው» ብቻ ነው የሚለው። ለዚህ ነው ያው አንዱ ሆሜር ሱቁ ላይ ሲቆም ሌላ፣ ሌላው መጫወቻ፣ ኑክሌር ጣቢያው ላይ ሲቆም ሌላ የሚያወራው። እና ከመክፈልህ በፊት ቪዲዮ አስልክ። ሁለት የተለያዩ ምስሎች ተራ በተራ ቆመው ይናገሩ። አንዱ ተናግሮ ሌላው ዝም ካለ ችግሩ የምስሉ እግር ነው፣ ይጸዳል። ሁለቱም ዝም ካሉ ሱቁ ነው፤ ያኔ ዋጋውን በግማሽ ጣለው ወይም ተወው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ቪዲዮ ያለው እውነቱን ነው። እኔ «ተፈትኗል» የሚል አምኜ ኦንላይን ገዛሁ። የባትሪ ክዳኑ አይከፈትም፤ በግድ ሲከፈት ውስጡ ነጭና አረንጓዴ ፍርፋሪ ብቻ። ሻጩን «ምኑ ነው የተፈተነው?» ብለው «መደርደሪያ ላይ ሲቆም አይወድቅም» አለኝ። ተመላሽ አይቀበልም።

ሳር ቤት 09፦ 😂 አይወድቅም! ታዲያ ምን ቀረው እህቴ፣ የአምስት ዓመት ዋስትና አልሰጠሽም?

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ሳቅ አንተ። የመላኪያውም 22 ዶላር ከኪሴ ነው የወጣው።

ሚሚሻ፦ ስሙን ጻፊልን እንጂ፣ ሌላው እንዳይበላ።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ ስሙን ቀይሮ ሊሆን ይችላል፣ ምን ዋጋ አለው። የባትሪ ክፍሉን ፎቶ ያልለጠፈ ሻጭ ሁሉ እሱ ነው በሉ።

ካቻቢቴ፦ እህቴ፣ ዕቃውን ጥለሽው ካልሆነ አሁንም ይድናል። ፍርፋሪው ከአልካላይን ባትሪ የፈሰሰ ነው፣ ቆዳ ያቃጥላል፤ ጓንትና መነጽር አድርጊ። በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው፤ በአፍሽ እፍ እንዳትይው፣ ዓይን ውስጥ ይገባል። ከዚያ የጆሮ ጥጥ ነጭ ኮምጣጤ እያስነካሽ ብረቱን ብቻ ንኪ። ይንፈቀፈቃል፣ አትደንግጪ፤ ሲቆም ጨርሷል። በ90 ፐርሰንት አልኮል አጥቢውና 24 ሰዓት ይድረቅ። ከዚያ ብረቱን በእርሳስ ላጲስ እሺው። አዲስ ባትሪ ገብቶም ዝም ካለ ከሥር ያሉትን ብሎኖች ፍቺና ሽቦውን እይ፤ ጠቁሮ ከሆነ ዝገቱ በውስጡ ወጥቷል ማለት ነው፣ ተቆርጦ በአዲስ ይበየዳል። አልኮሉ ግን ቀለም የተቀባ ምስል እንዳይነካ፤ የባርት ዓይን አብሮ ይሄዳል።

ሚሚሻ፦ ነጩ ፕላስቲክ ቢጫ ከሆነ ደግሞ በፀጉር ማቅለሚያው ፐርኦክሳይድ ቀብቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

ሳር ቤት 09፦ ሲምፕሶንስ እኮ ሲፈጥራቸው ቢጫ ናቸው ሚሚሻ፣ ምን አደረጉሽ?

ካቻቢቴ፦ የሆሜርን ሸሚዝ ማለቷ ነው። አይመከርም፤ ክሬሙ እኩል ካልተዳረሰ እንደ ሜዳ አህያ ያዥጎረጉረዋል።

ጡብ ቆጣሪ፦ ጥያቄው ስለ ሌጎም ነበር እኮ። 71016 በ2015 ነው የወጣው፣ 2179 ፍሬ፣ ያኔ 199.99 ዶላር። አሁን ከምርት ወጥቷል፣ ስለዚህ «በ150፣ ሙሉ» የሚል ካለ ቁጠረው። የመመሪያው የመጨረሻ ገጾች ላይ የፍሬዎቹ ዝርዝር ከነብዛቱ አለ። ከሁሉ በፊት ግን ሰዎቹን እይ፤ ስድስት ናቸው፦ ሆሜር፣ ማርጅ፣ ባርት፣ አፑ፣ ፖሊሱ ዊገምና ሌባው ስኔክ። አፑና ዊገም በ2014 በወጣው የነጠላ ምስሎች ስብስብ ውስጥም ስላሉ ቢጎድሉ ይተካሉ። ስኔክ እዚያ የለም፤ መጀመሪያ ነጥለው የሚሸጡትም እሱን ነው። ፎርጅድ መሆኑን ለማወቅ ጡቡ ላይ ያሉትን ክብ ጉብታዎች ብርሃን ላይ አዘንብለህ እያቸው፤ እያንዳንዳቸው ላይ «ሌጎ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ካልታተመ ተወው። ደግሞም የፕሌይሜትሱ ምስል 12 ሳንቲ ገደማ፣ የሌጎው 4 ሳንቲ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ብትደረድራቸው አፑ የራሱ ልጅ ይመስላል።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የአሮጌ መጫወቻ ሱቅ ያለው ሰውዬ ጋ ሂድ። ሌላ ቦታ አትሂድ።

ካቻቢቴ፦ ባትሪ አስገብቶ ያሳያል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አያሳይም።

ጡብ ቆጣሪ፦ የጎደለ ቢኖር ይመልሳል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ አይመልስም። ግን ጥሩ ሰው ነው፣ ዓመት በዓል ሲመጣ «እንኳን አደረሳችሁ» በአማርኛ ይላል።

ሳር ቤት 09፦ በቃ ተፈታ። ስኔክ ቢጠፋ እንኳን አደረሳችሁ አለ።

ሐያት፦ ይቅርታ፣ ከጨዋታው ወጣ ልበልና፣ ለወንድሜ ልጅ አዲስ አበባ የሌጎውን የሲምፕሶንስ ቤት ልልክ ነበር (71006)። ሻንጣ ውስጥ ይገባል?

ጡብ ቆጣሪ፦ ካርቶኑን ጠፍጥፈሽ ከሥር አንጥፊው፣ ከረጢቶቹን በልብሱ መሀል ሰግስጊያቸው። 2523 ፍሬ ስለሆነ ከ23 ኪሎው ላይ ደህና አድርጎ ይወስድብሻል። ሰዎቹን በእጅ ሻንጣ ያዢያቸው።

የአሌክሳንድሪያዋ፦ @ካቻቢቴ በኮምጣጤው ሞከርኩት። አፑ ተናገረ!!! 🙏

ካቻቢቴ፦ እሰይ። ባትሪውን አውጥተሽ አስቀምጪ።

ጡብ ቆጣሪ፦ @ዶናት ወዳጅ የቱን ወሰንክ?

ዶናት ወዳጅ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የአፕል ኮምጣጤ ቢሆን ችግር አለው?

ካቻቢቴ፦ አለው፣ ሲደርቅ ይጣበቃል። ነጩን።