የጋራዤ በር አመሻሽ ላይ አልዘጋም ይለኛል፤ ሞተሩ ይቀየር ወይስ ሌላ መላ አለው?

ጠያቂው (ላስ ቬጋስ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ቤቱን ከገዛን ሦስተኛ ዓመታችን ነው፤ የጋራዡ በር አስቸግሮን አያውቅም ነበር። ጁን ከገባ ወዲህ ግን አመል አወጣ። ታክሲ ስለምሠራ ጎህ ሳይቀድ ነው የምወጣው፤ ያኔ አንዴ ስጫነው ጥርቅም ይላል። አመሻሽ ላይ ስመለስ ትንሽ ወረድ ይልና ተመልሶ ሽቅብ! የሞተሩም መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አራት አምስት ጊዜ እሞክረዋለሁ፣ ወይ ፍንክች። ጨለምለም ሲል ግን ምንም እንዳልነበረ ይዘጋል። ባለቤቴ «ጸበል ይረጭ» እያለች ትስቅብኛለች።

ቴክኒሻን ጠርቼ ነበር፤ የመጣው በጠዋት ስለሆነ በሩ ጨዋ ሆኖ ጠበቀው። እሱ ግን «ሙቀቱ ጨርሶታል፤ ሞተሩም ሞላውም ይቀየር» ብሎ 1,400 ዶላር ጻፈልኝ። በዚያ ላይ በሩ ሲንቀሳቀስ ሲጢጥ ይላል። ሐዲዱን ግጥም አድርጌ ግራሶ ቀባሁት፤ ጭራሽ ባሰበት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሂዩስተን ነኝ፦
ወንድሜ፣ የእኔም እንደዚሁ ነበር። ሞተሩ ላይ በካቻቪቴ የምትዞር ትንሽ ነገር አለች፤ ጉልበቱን የምትጨምረው በሷ ነው። እስከ መጨረሻው አዙራት፣ ግድ ይዘጋል። 1,400 ዶላር ለማንም እንዳትሰጥ።

በር ገጣሚው፦
እባክህ ይህን አታድርግ። የሂዩስተኑ ወንድማችን በቅንነት ነው የተናገረው፣ ግን ያቺ ማስተካከያ በሩ ሕፃን ወይም ድመት ሲነካ እንዲመለስ የምታደርገዋ ናት። እስከ መጨረሻ ካጠበቅካት በሩ ያገኘውን ሁሉ ይጨፈልቃል። አሜሪካ ውስጥ ከ1993 ወዲህ የተሠራ የቤት ጋራዥ ሞተር ሁሉ እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው ሕግ የሚያስገድደው በዚህ በር ልጆች ስለሞቱ ነው።

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። በርህ ወዴት ነው የዞረው? ዛሬ ማታ እምቢ ሲልህ ደግሞ ከሥሩ ማንም አለመኖሩን አይተህ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ሳትለቅ ተጭነህ ያዘው፤ በሩ መሬት እስኪነካ ድረስ። እንደዚያ አድርገህ ከዘጋ ሞተርህ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ ታች ያሉት ሴንሰሮች ጋ ነው። እየደጋገምክ አትሞክር፤ ሞተሩ ሲግል ራሱን ያጠፋና ሌላ በሽታ ያስመስልብሃል።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በሩ ወደ ምዕራብ ነው የዞረው። እንዳሉኝ ቁልፉን ይዤ ብጠብቅ ያለ ምንም ችግር ዘጋ! ዝቅ ብዬ ሳይ ደግሞ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ሳይ በግራ በኩል ያለው ሴንሰር አረንጓዴ መብራቱ ጠፍቷል። የቀኙ ብርቱካናማ እንደበራ ነው።

በር ገጣሚው፦
አገኘነው። ፀሐይ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ ከ6 ኢንች ሳይበልጥ የተተከሉት ሁለት ዓይኖች አንዱ በዓይን የማይታይ ጨረር ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል። ያንተ ተቀባይ አረንጓዴው ነው። ጨረሩ ሲቋረጥበት «መሐል ላይ ሰው አለ» ብሎ በሩን ይመልሰዋል። የምታዘቀዝቅ ፀሐይ ዓይኑ ውስጥ በቀጥታ ስትገባበት ደግሞ የላኪውን ጨረር ከፀሐዩ መለየት ያቅተዋል። አንተስ የፊት መብራት ሲያንጸባርቅብህ መንገዱ ይታይሃል?

ከጁን ወዲህ ብቻ የሆነበትም ምክንያት አለው። እዚህ አሜሪካ በጋ በሆነው በጁን አካባቢ ፀሐይ የምትጠልቀው በትክክል ምዕራብ ላይ አይደለም፣ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ያንተ ተቀባይ በደቡብ በኩል ሆኖ ወደ ሰሜን ነው የሚያየው፤ ስለዚህ የማታዋ ፀሐይ ትይዩ ትመጣበታለች። በክረምት፣ በዲሴምበር አካባቢ፣ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምትዞር አታገኘውም። ቴክኒሻኑ በጠዋት መጥቶ ይህን ሊያይ አይችልም፤ እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ ችግሩ በሚታይበት ሰዓት ነው የምሄደው።

መፍትሔው ገንዘብ አያስወጣም። የሽንት ቤት ወረቀት ያለቀበትን የካርቶን ጥቅልል ውሰድ፣ ውስጡን በማርከር ጥቁር ቀባው፣ አራት ጣት ያህል ቆርጠህ በተቀባዩ ዓይን ዙሪያ በቴፕ አጣብቀው። ቱቦው በቀጥታ ወደ ላኪው ይይ፣ ጨረሩን አይጋርድ፤ አረንጓዴው ጸንቶ ከበራ ትክክል ነው። መጀመሪያ ግን ሁለቱንም ዓይን በለስላሳ ጨርቅ ጥረግ፤ የቬጋስ አቧራ ብቻውን ይበቃዋል። አንዳንዶች ላኪና ተቀባዩን ያቀያይራሉ። ይሠራል፣ ግን እንዳንተ ባለ በር ክረምት ሲመጣ ፀሐይዋ በሌላው ወገን ታገኝሃለች። ቱቦው ይሻላል።

ከጨረስክ በኋላ በሩ ሲወርድ መጥረጊያ በጨረሩ መሐል አሳልፍ፤ መመለስ አለበት። ቀጥሎ ሁለት በአራት ኢንች የሚባለውን ጣውላ በሩ ሥር ወለል ላይ አጋድመህ ዝጋው፤ እንጨቱን እንደነካ ወዲያው ካልተመለሰ አትጠቀምበት።

የሳሮን እናት (አሌክሳንድሪያ)፦
ስለ ሲጢጥታው እኔ ልመልስ፤ ባለቤቴም ያንተን ስህተት ሠርቶ ነበርና። ሐዲዱ ግራሶ አይፈልግም! ግራሶ ያለበት ሐዲድ አቧራውን ሁሉ ይሰበስብና እንደ ጭቃ ይሆናል፤ በሩ የሚንከባለልባቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ ሮለሮቹም፣ መንከባለሉን ትተው ይንሸራተታሉ። በጨርቅና በትንሽ ቤንዚን

ጠያቂው፦
ቤንዚን?!

የሳሮን እናት፦
ይቅርታ፣ ተሳስቼ ነው፤ ቤንዚን እንዳትነካ። ጋራዥ ውስጥ የውሃ ማሞቂያው እሳት አለ። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ይበቃል። ከታች እስከ ላይ ጠርገህ አድርቀው። ከዚያ ነጭ የሊቲየም ግራሶ በስፕሬይ መልክ የሚሸጠውን ግዛ፤ ማጠፊያዎቹ የሚገናኙበት ላይ፣ ሮለሮቹ ኩሽኔታ ላይ፣ ከበሩ በላይ ያለው ሞላ ላይ ስስ አድርገህ ንፋ። ሮለሩ ፕላስቲክ ከሆነ ጎማውን ተወው፣ መሐሉን ብቻ። ደብሊው ዲ 40 የሚባለው ዝገትና ቆሻሻ ለማስለቀቅ ጥሩ ነው፣ ለማለስለስ ግን አይቆይም፤ በወሩ ተመልሶ ይጮኻል።

ደግሞ ከበሩ ሥር ያለውን የጎማ ማሸጊያ እየው። በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቀን ላይ በሩን ዘግተህ የጋራዡን መብራት አጥፋ፤ ከታች ብርሃን ከገባ ጊንጥም ይገባል። እናንተ ጋ ጊንጥ አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ሂዩስተን ነኝ፦
ጉልበቱን እንዳይጨምር ያላችሁኝን ተቀብያለሁ፤ የእኔንም ዛሬ ልመልሰው ነው። ሌላ ጥያቄ፦ ለሙቀቱ ብዬ በሩ ላይ ፎም ልለጥፍ አስቤ ነበር። ጉዳት አለው?

በር ገጣሚው፦
ጉዳት የለውም፣ ግን ክብደት ይጨምራል። ሞላው የተወጠረው በበሩ ክብደት ልክ ነው። በሩን የሚያነሳው ሞተሩ ይመስላችኋል፤ አብዛኛውን ሸክም የሚችለው ሞላው ነው። ስለዚህ ፎም ከለጠፍክ በኋላ ሚዛኑን ሞክር፤ ጠያቂያችንም ይሞክር። በሩ ተዘግቶ እያለ በሩን ከሞተሩ የሚያላቅቀውን ቀዩን ገመድ ሳብ፣ በእጅህ እስከ ወገብህ አንሳውና ቀስ ብለህ ልቀቀው። ባለበት ከቆመ ደህና ነው። ከወረደ ሞላው ደክሟል። በሩ ክፍት ሳለ ግን ቀዩን ገመድ እንዳትነካ፤ ሞላው ደካማ ከሆነ እንደ ድንጋይ ነው የሚወድቀው።

ጠያቂው፦
ትናንት ማታ ቱቦውን ሠራሁት። ልጄ ዓይንና ሽፋሽፍት ሣለችበት። ፀሐይዋ ፊት ለፊት እያየችን በአንድ ጊዜ ተዘጋ! መጥረጊያውንም ጣውላውንም አለፈ። ሐዲዱን አጥቤ ሊቲየሙን ነፋሁ፣ ድምፁ በግማሽ ቀነሰ።

ሚዛኑ ግን አልሆነልኝም። ከወገቤ ላይ ስለቀው ቀስ እያለ እስከ መሬት ወረደ። ሞላውን በዩቲዩብ እያየሁ ራሴ ብቀይረውስ?

በር ገጣሚው፦
አይሆንም። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ማወጠሪያው ብረት ከእጄ አምልጦ የአውራ ጣቴን ጥፍር ይዞት ሄዷል፤ ያውም አስተማሪዬ አጠገቤ ቆሞ። የተወጠረ ሞላ ፊት ላይ ቢያርፍ ሌላ ታሪክ ነው።

ስለዚህ ያ ቴክኒሻን ግማሹን ልክ ነበር ማለት ነው፣ ሞላው ደክሟል። የተለመደው ሞላ ወደ 10,000 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ተብሎ ነው የሚሠራው። በቀን አራት ጊዜ የሚከፍት ቤተሰብ ሰባት ዓመት ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ አንተ ከመግዛትህ በፊት ስንት ዓመት እንደሠራ አስበው። ሞተሩን ግን አትንካ። ሁለት ሦስት ቦታ ደውለህ የሞላ ብቻ ዋጋ ጠይቅ፤ ሁለት ሞላ ካለህ ሁለቱም አብረው ይቀየሩ፣ አንዱ ካረጀ ሌላውም ተከታይ ነው። በሩን መዝነው ልኩን ሞላ ይዘው እንደሚመጡ ጠይቃቸው። «ያው ነው» ካሉህ ሌላ ቦታ ደውል።

ጠያቂው፦
እሺ ጋሼ። ሰኞ እረፍት ነኝ፣ በጠዋቱ እደውላለሁ። እስከዚያ ታክሲዋ ውጭ ትደር።